የዘጠነኛ ፎቅ በርበሬ

ኦገስት 3፣ እሑድ፣ ጠዋት

መብራቱን አበራሁ፣ ችግኞቹን ቆጠርኩ። ሰባት። ትናንትም ሰባት ነበሩ፤ መቁጠሩ ደስ ስለሚለኝ ነው። ፉትስክሬ ካለው ያገሬ ሰው ሱቅ ዛላ በርበሬ ገዝቼ፣ ፈልፍዬ፣ እፍኝ ሙሉ ፍሬ ዘርቼ የበቀለልኝ ይኸው ነው። ሌላው አፈር ውስጥ እንደተኛ ቀረ። እነዚህ ግን ጎበዞች ናቸው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ረጅሙ ነጭ መብራት ሥር፣ በእርጎ ዕቃ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። ሜልበርን ክረምት ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የምትመጣው ለሰላምታ ያህል ብቻ ነው።

የሁለቱ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ቢጫ ብሏል። አልወደድኩትም።

አባባ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ዛሬም መስኮት መስኮቱን ያያሉ። የባሌ አባት ናቸው፣ ከኮምቦልቻ ከመጡ ወራት አለፉ። እማማ ፋጡማ ካረፉ ወዲህ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ወረቀቱ ችግር የለውም፣ እዚሁ መኖር ይችላሉ። ችግሩ ራሳቸው አባባ ናቸው። የኖቬምበሩን የመመለሻ ትኬት እንደ ክታብ ደረት ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ባዶ ቤት ገብተው ብቻቸውን እንዲያረጁ አልፈልግም። ኑ.ም አይፈልግም። (ባሌ ኑሩ ነው፤ ሁሌ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ትዕግሥቱ የለኝም።) ግን አፍ አውጥቶ «አባባ ይቅሩልን» አይልም። እኔ ደግሞ ምራት ነኝ። ምራት በአማቷ ጉዳይ ምን አፍ አላት?

ኦገስት 8፣ ዓርብ

ኑ. በታክሲው ብሬብሩክ ወሰደኝ። ቤት ውስጥ ተክል ለሚያሳድጉ ሰዎች መብራትና ፈሳሽ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ አለ ብላ የሥራ ጓደኛዬ ነግራኝ። መስኮቱ ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ኑ. አልገባም፣ ስልክ እደውላለሁ አለ። በሒጃቤ ብቻዬን ገባሁ። ፀጉሩን ትከሻው ላይ የለቀቀ ልጅ ነው የሚሸጠው። ምን እንደማሳድግ ጠየቀኝ። ቺሊ አልኩት። ጠቀሰኝ! እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቺሊ ነው የሚያሳድገው አለኝ። ደስ አለኝ። በዚህ አገር ይህን ያህል በርበሬ ወዳድ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ጠርሙስ የተክል ምግብ ሸጠልኝ፣ በነፃ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ሰጠኝ። የታመመ ቅጠል ሥዕል በሥዕል። ቢጫው ከምን ይመጣል፣ ጫፉ የነደደው ከምን፣ የተጠቀለለው ከምን። ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

ጉድ። ኑ. ከሥራ ገብቶ ወረቀቱን አየና ቀጥ ብሎ ቀረ። ይህን ማን ሰጠሽ አለኝ። ነገርኩት። የቅጠሉን ጣቶች አንድ በአንድ እያሳየ ቅጠሉ የሐሺሽ እንደሆነ በጆሮዬ ነገረኝ። ምድር ብትውጠኝ! ያ ልጅ፣ ጥቅሻው፣ ጥቁሩ ላስቲክ። ከዚያ ኑ. ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እንባችን እስኪወርድ። አባባ ምን ተገኘ ብለው ጠየቁ። ኑ. ለአባቱ ምን ብሎ ይንገር? ያገሩ የመድኃኒት ቅጠል ነው አላቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በአክብሮት ረጅም ጊዜ መረመሩት። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ያዝኩ።

ወረቀቱን ልጥለው ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ቅጠል ቅጠል ነው፣ ቢጫም ቢጫ። የልጄን የሃያትን የት/ቤት ፕሮግራም ከላይ ለጠፍኩበት፣ ማብራሪያው ብቻ ይታያል።

ማብራሪያው እንዲህ ይላል፦ ከታች የሚጀምር ቢጫ ረሃብ ነው፤ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ይመገብ። ግማሽ መጠን በውሃ በጥብጬ ሰጠሁ። ከእንግዲህ ውሃም ምግብም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። ሥርዓት ያለው ነገር እወዳለሁ።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

አባባ ዛሬ ከሶፋው ተነሡ! ችግኞቹ ዘንድ መጥተው ቆሙ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ስለ እርሻ የሚያውቁት የለም፣ ራሳቸውም ይናገራሉ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው እንደ ጨርቅ አሻሹት። ሳስቷል አሉ። ይህ ነገር ፍሬ ይሰጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አባባ፣ ከሕንፃው ሥር የአትክልት ቦታ ደርሶኛል፣ ሲሞቅ እዚያ እናወርዳቸዋለን አልኩ። ለብዙ ሰው ይበቃል? ለጎረቤቱ ሁሉ ይተርፋል አልኩ (ትንሽ ዋሸሁ)። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመጡ ጀምሮ ሁለት ጥያቄ በተከታታይ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ነገሩ ግራ ነው። የሰው ጤና ይሻሻላል፣ የተክሉ ይብሳል። አባባ ከሁላችን ቀድመው ይነሣሉ። ጠዋት ለቁርስ ስወጣ ፊታቸው ታጥቦ፣ ሰግደው፣ ወጥ ቤት ቆመው አገኛቸዋለሁ። ዛሬ መንዙማ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። ድምፅ አላቸው ለካ! ኑ.ን ቀስቅሼ አሰማሁት፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ፈዞ ቀረ። ከእናቱ ሞት ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

ችግኞቹ ግን አራቱ ቢጫ ሆነዋል። ሰጠኋቸው እኮ! ግማሽ መጠን አልበቃቸውም ማለት ነው። ቅዳሜ ሙሉውን እሰጣለሁ።

ኦገስት 27፣ ረቡዕ

ሙሉውን ሰጠሁ። አሁን የቅጠሉ ጫፍ ነደደ፣ ቡናማ ሆነ። ወረቀቱን አነበብኩ፦ ምግብ በዝቶበታል። ሦስት ሳምንት ተርቧል ሲለኝ ቆይቶ! ሌላ መስመር፦ ቅጠሉ ከተንጠለጠለ ጠምቶታል። ሌላ መስመር፦ ቅጠሉ ከተንጠለጠለ ውሃ በዝቶበታል። እንግዲህ ምረጪ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ምን አጭሶ እንደነበር ይታወቃል።

አፈሩ እርጥብ ነው። ቅዳሜ ያጠጣሁት እስከ ረቡዕ? ከብርዱ ይሆናል። ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች አፈሩ ላይ ይርመሰመሳሉ። አንዱ ሻዬ ውስጥ ገባ። ተናድጃለሁ። ማታ የዩኒቨርሲቲውን ቢሮዎች ሳጸዳ በየጠረጴዛው የማየው አበባ ሁሉ ያለ ማንም እንክብካቤ ይፋፋል። የኔ ብቻ በእንክብካቤ ይሞታል።

ሴፕቴምበር 2፣ ማክሰኞ፣ ንጋት

ሮመዳን ገባ። ለሱሁር ሁላችንም ተነሣን፣ በላን፣ ሰገድን። ኑ.ና ሃያት ተመልሰው ተኙ። እኔ ዕቃ ላነሣሣ ወደ ወጥ ቤት ስመለስ አባባን አየኋቸው። ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ጆግ ይዘው። ከመጀመሪያው ዕቃ እስከ መጨረሻው፣ ለእያንዳንዱ እኩል እኩል፣ ቀስ እያሉ ያፈሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

በየቀኑ ነው ለካ! በየቀኑ!

አዩኝና ፈገግ አሉ። ለፋጡማ ነው አሉኝ። ለሞተ ሰው ከሚደረግ ሰደቃ ሁሉ ውሃ ይበልጣል፤ እዚህ አገር የት ጉድጓድ አስቆፍራለሁ፣ ለማንስ አጠጣለሁ እያልኩ ሳዝን እነዚህን አላህ ሰጠኝ፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ነገ ፍሬውን ሰው ይበላዋል፣ አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለሷ ይደርሳታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። እኚህ ስድስት ወር «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ብቻ ሲሉኝ የኖሩ ሰው!

ምን ልበል? አላህ ይቀበልዎ አባባ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

አልተኛሁም። ነገሩን ልጻፈው፣ ምናልባት ስጽፈው ይቀልልኛል። ችግኞቹ ረሃብም የላቸውም፣ ጥጋብም የላቸውም። ሰምጠዋል። ምንጣፉ እንዳይበላሽ ብዬ የዕቃዎቹን ቀዳዳ የደፈንኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ውሃው መውጫ የለውም። ሥሩ ትንፋሽ አጥቷል። የሚተነፍስ ሥር ነው የሚበላው፤ እኔ ለሰመጠ ሰው ምሳ ሳቀርብ ከረምኩ።

እና አባባን ከሶፋው ያነሣቸው፣ መንዙማ ያሰኛቸው፣ ያው ውሃ ነው። ይቁም ካልኩ እሳቸውን መልሼ ሶፋው ላይ አስቀምጣለሁ። ይቀጥል ካልኩ በርበሬው ይሞታል፣ ሲሞት ደግሞ ያያሉ።

ኑ.ን ንገራቸው አልኩት። አባቴን ለእናቴ የሚያደርገውን ሰደቃ ተው እንድለው ነው የምትፈልጊው አለኝ። ፊቱን አዞረ። ታክሲ ሊነዳ ወጣ፣ ያለ ሺፍቱ።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

ዘዴ። ከገበያ ናዕናዕ ገዛሁ፣ በትልቅ ማሰሮ የተተከለ፣ ቀዳዳ ያለው። ናዕናዕ ውሃ አይጠግብም። አባባ፣ ይህን ለእርስዎ ነው፣ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል አልኳቸው። በጣም አመሰገኑኝ።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ፣ ንጋት

ናዕናዑንም አጠጡ፣ ሰባቱንም አጠጡ። አጅሩ በዛላቸው።

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ

አንዷ ሞተች። አባባ ሳያዩ ነቀልኳት። ሥሯ ነጭ መሆን ነበረበት። ቡናማ ነው፣ በእጄ ላይ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ፣ ሽታው ደግሞ የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ። የቀሩት ስድስቱም ብዙ አይቆዩም።

ሃያት አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበር። ሥሩን አየች፣ እኔን አየች። «ማም፣ ጀስት ቴል ሂም» አለችኝ፤ በቃ ንገሪያቸው ማለቷ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ። ለሷ ቀላል ነው፣ አንቱ የምትለው ሰው የላትም።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። መሬት ላይ፣ ከሶፋው ሥር ተቀመጥኩ። ጀመርኩት። ሥራቸው ታፍኗል አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቀዳዳውን ደፍኜ ለእርስዎ አልነገርኩም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አጠጣ ነበር፣ በላዩ ማዳበሪያ። ጥፋቱን ሁሉ ወደ እኔ ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፣ ሸማኔው ያበላሸውን ከሻጩ ጥፋት ይለያሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስለዚህ ስገድላቸው ነበር የከረምኩት?»

አይደለም አባባ አልኩ። አልሰሙኝም። ጆጉን አንስተው መታጠቢያ ቤት አስቀመጡት፣ በሩን በቀስታ ዘጉ።

ዛሬ በአገር ቤት አዲስ ዓመት ነው። ማንም አላነሣውም። እኔም ቀኑን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ

የፈራሁት ደረሰ። ማታ ከፊጥሩ ማዕድ በኋላ አባባ ለኑ. የትኬቱን ቀን እንዲያስቀድምላቸው ነገሩት። ከኢድ በኋላ ወዲያው። እዚህ ምን እሠራለሁ አሉ፤ ቤቴ በር ላይ ሆኜ ለአላፊ አግዳሚው ውሃ ብሰጥ ይሻለኛል አሉ። ኑ. እሺ አለ። እሺ! እኔን ግን አያየኝም። በልቡ አንቺ ነሽ እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ንጋት ላይ ወጥ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። መንዙማ የለም። ናዕናዑ ጠውልጓል።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ መቀሱን አመጣሁ።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

ሙሉ ቀን ጠረጴዛው ላይ። ጋዜጣ አነጠፍኩ። ስድስቱንም አወጣሁ፣ የበሰበሰውን ሥር ቆረጥኩ፣ ነጩን አስቀረሁ። ሁለቱ ነጭ የሚባል አልነበራቸውም፣ ሸኘኋቸው። አራት ቀሩ። የዕቃዎቹን ሥር በጋለ ምስማር በሳሁ፣ ምንጣፉ የራሱ ጉዳይ። ደረቅ አፈር፣ ከአሸዋ ጋር። ምግብ የለም፣ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩት። ቢጫውን ቅጠል አልቆረጥኩም። ትንሽም ቢሆን አረንጓዴ አለው፣ ይሥራበት።

አባባ በሩ ላይ መጥተው ቆመው ነበር። አልገቡም። ግን ቆመው ነበር፣ ይህን ጽፌዋለሁ።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

አልሞቱም። አላደጉምም። እንዳሉ ናቸው። ከዚህ በላይ ተስፋ አልጠይቅም።

ዛሬ ሌላ ድፍረት ሠራሁ። ሁለት ዕቃ ይዤ አባባ ፊት አስቀመጥኩ። አንደኛው ጠዋት የጠጣ፣ ሁለተኛው የደረቀ። ያንሡልኝ አልኩ። የትኛው ይከብዳል? እንደ ልጅ ተጫወተችብኝ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ በጎሪጥ አዩኝ። ግን አነሡት። አንዱን፣ ሌላውን። እጃቸው ላይ ትንሽ ወዘወዙት። እኚህ ሰው ጣቃ ጨርቅ በእጃቸው መዝነው ስንት ክንድ እንደጎደለው ሲናገሩ ኮምቦልቻ ያየ ሁሉ ይመሰክራል፤ ኑ. ራሱ ነግሮኛል። የቀለለው ጠምቶታል፣ የከበደው አልጠማውም፣ ሌላ ጥበብ የለውም አልኳቸው። እኔ ማታ ሥራ ነኝ፣ ጠዋት ድካም አለብኝ፣ የሚያነሣልኝ ሰው እፈልጋለሁ አልኩ።

አይሆንም አሉ። እጄ ለዚህ አይሆንም። ዕቃዎቹን መልሰው አቀበሉኝ።

እሺ አባባ።

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ፣ ንጋት

ቀስ ብዬ ልጻፍ፣ እንዳይሰሙኝ።

ከሱሁር በኋላ ተኝቼ ነበር፣ ድምፅ ሰማሁ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ወጥ ቤት ናቸው። አንደኛውን ዕቃ አነሡ፣ ወዘወዙ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ መልሰው አስቀመጡ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። አራተኛውን ሲያነሡ ቆም አሉ። መልሰው አነሡት። ሄደው ጆጉን አመጡ፣ ትንሽ፣ የሲኒ ያህል ብቻ አፈሰሱለት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሲሰርግ አዩት።

ላልጠማው ሦስቱ ዱዓ፣ ለጠማው አንዱ ውሃ። ማንም አላስተማራቸውም ይህን ከፋፍሎ መስጠት።

ትራስ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ። ኑ. ምን ሆነሻል አለኝ። ምንም፣ ተኛ አልኩት።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

ኢድ! ሙሉ ቀን እንግዳ። እግሬ አብጧል። ሁለት ዜና ብቻ ልጻፍና ልተኛ።

አንደኛ፦ አዲስ ቅጠል። ከላይ፣ ከመሐል፣ ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴ፣ እንከን የለሽ። የተጠቀለለች የለችም፣ የነደደች የለችም። አንድ ችግኝ ላይ ሳይሆን አራቱም ላይ።

ሁለተኛ፦ እንግዶቹ ፊት አባባ ራሳቸው አሳዩአቸው። አንዱ እንግዳ ውሃ ልስጠው ብሎ ብርጭቆ ሲያነሣ እጁን ያዙት። መጀመሪያ አንሣው፣ ጠምቶት እንደሆነ ጠይቀው አሉት። ላልጠማው ማጠጣት ለራስ መደሰት ነው አሉ። ኑ. በሳሎኑ ማዶ አየኝ። የትኬቱ ነገር ከተነሣበት ማታ ወዲህ መጀመሪያ ያየኝ ዛሬ ነው።

ትኬቱን ግን ማንም አላነሣም። ኑ. ቀኑን ለማስቀደም ቦታ የለም ብሏቸዋል፤ ጠይቆ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ስለዚህ ያው የኖቬምበሩ ቀን እንዳለ ነው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ወደ መሬት ወረዱ። ሳምንቱን በሙሉ ቀን ቀን በረንዳ ላይ እያዋልናቸው ማታ እያስገባን ነፋስ አለማመድናቸው። ዛሬ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ፣ ሃያት ሁለት፣ እኔ ሁለት፣ አባባ ከኋላ ናዕናዑን ታቅፈው። በየፎቁ አረፉ፣ ግን ለማንም አልሰጡም።

ቦታዬ ትንሽ ናት፣ አልጋ ብታስገቢባት ትሞላለች። ጎረቤቶቼ ሽማግሌ ቻይናውያን፣ ቬትናሞች፣ ጎመናቸው ያስቀናል። አራቱን ተከልን። ምግብ ግማሽ መጠን ሰጠሁ፣ አሁን የሚበላ ሥር አላቸው። አባባ ጉልበታቸውን ይዘው አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁ። ፎቁ ላይ ያነሡት የነበረውን ዕቃ አሁን ማንሣት አይቻልም። በምን አውቃለሁ ብለው ጠየቁኝ። ጣትዎን አፈር ውስጥ ይክተቱ አልኩ። ከተቱ። ከታች ይቀዘቅዛል አሉ፣ ሳቁ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰሜን ነፋስ። እንደ ምድጃ አፍ። ጠዋት ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር፣ ቀትር ላይ ዛፉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ለታመመች ጓደኛዬ የቀን ሺፍት ተክቼ ሥራ ላይ ነበርኩ። አራት ለጋ ችግኝ፣ ጥላ የለ። ቤት ደወልኩ፣ የሚያነሣ የለም። አባባ ስልክ አያነሡም፣ አውቃለሁ፣ ግን ልቤ ተሰቀለ። ሱፐርቫይዘሬን ለመንኳት፣ ስዋንስተን መንገድ ላይ ትራም ጠበቅኩ፣ አልመጣም፣ በእግሬ ሮጥኩ።

አትክልቱ ቦታ ስደርስ የጎረቤቶቼ ጎመን መሬት ላይ ተኝቷል። ሰው የለም፣ ሁሉም ከሙቀቱ ሸሽቷል። አባባ ብቻ። በቆባቸው፣ በሸሚዝና በሱሪ። ሽርጣቸውን፣ ያንን ከኮምቦልቻ ያመጡትን ባለ መስመሩን፣ አራት እንጨት ተክለው ችግኞቹ ላይ ዘርግተውታል። ጥጉን በድንጋይ ሳይሆን በቋጠሮ ነው ያሰሩት፣ ነፋሱ ቢጎትተውም አይለቅም። በድርቁ ምክንያት ዛሬ በጎማ ማጠጣት አይፈቀድም፣ ስለዚህ ባልዲ። ከቧንቧው እስከ ቦታው እየተመላለሱ። የኛን ጨርሰው የማያውቁትን የቻይናዊውን ጎመን እያጠጡ ነበር።

አባባ፣ ይታመማሉ እኮ፣ ፀሐይ ነው አልኩ። ጣቴን ከትቼ አየሁት አሉ። ሁሉም ጠምቶታል፣ ዛሬ የሚመረጥ የለም።

ባልዲውን ተቀበልኳቸውና የቀረውን አብረን አጠጣን። ቤት ስንገባ የኔም የሳቸውም ፊት እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር፣ ሃያት ሳቀችብን።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

አበባ። ነጭ፣ ትንሽ፣ አንገቷን ወደ መሬት የደፋች። አባባ ናቸው ያዩዋት። ጎንበስ ብለው ከሥር ወደ ላይ አዩአት። መቼ ይቀላል አሉ። ማርች ገደማ አባባ፣ ኢንሻአላህ። አሰቡ።

ከምሳ በኋላ ኑ.ን ጠሩት። ትኬቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። እስኪቀላ ድረስ አስተላልፍልኝ አሉ፤ የፋጡማን ሰደቃ ሳላደርስ ሄጄ ምን እላታለሁ። ኑ. እሺ አባባ ብሎ ቁልፉን ፍለጋ ተነሣ። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ተውኩት።

አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ደስታዬ አንድ ሌሊት ነው የቆየው። ጠዋት ስነሣ አሰብኩት። ማርች። ከዚያስ? በርበሬው ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ለጎረቤት ይታደላል፣ አባባ አደረስኩ ይላሉ። አዲሱ ትኬት ደረት ኪስ ይገባል። እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ፣ ቃላቸው ቃል ነው። እስኪቀላ አሉ፣ እስኪቀላ ነው።

ገበያ ሄድኩ። ትልልቅ ሎሚ ገዛሁ፣ ሻጩን ፍሬው ቢዘራ ይበቅላል ወይ አልኩት። ይበቅላል አለ፤ ግን ሎሚ ለማየት ዓመታት መጠበቅ አለብሽ፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ይበልጥ ደስ አለኝ። ኑ. መኪና ውስጥ ሲሰማ የተዳቀለ ችግኝ ግዢ፣ በሁለት ዓመት ያፈራል፣ እኔ እከፍላለሁ አለኝ። ዝም በል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ገባው። መሪውን እንደያዘ ፈገግ አለ፣ እስከ ሰፈራችን ካርልተን አልተወውም።

ፍሬዎቹ አሁን እርጥብ ጨርቅ ላይ ናቸው። ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ አባባ ዘንድ ይዣቸው እሄዳለሁ። ይህም ለእማማ ፋጡማ ነው እላለሁ። ዕቃው ቀዳዳ አለው፣ አፈሩ ዝግጁ ነው። ከፍሬ ነው የምንዘራው።